የአጥንት ጥያቄ በወረታ ገበያ

ወረታ ላይ ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። እናቴ ለጎረቤቶቿ «ፎቶ ታነሳለች» ትላቸዋለች፤ ይህ እንኳ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የሰፈራችን አንድ ሰው ግን ፊቴን ጥላሸት ተቀብቼ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ የተቀመጥኩበትን ሥራ በስልኩ አይቶ፣ እናቴን መንገድ ላይ አስቁሞ «ልጅሽን ጠበል አስጠምቂያት» ብሎ መክሯታል። እኔም ብጠየቅ አጥርቼ መመለስ ይቸግረኛል። ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ድምፅ እሰበስባለሁ፤ አንዳንዴም ሰው ፊት ወጥቼ በገዛ ሰውነቴ የሆነ ነገር አደርጋለሁ። ነገሩ ሁሉ ስለ ቆዳ ቀለም፣ ስለ ዘር፣ ሰው ሰውን ስለሚንቅበት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ይህን የሚያዩ ሰዎች አሉ። ብርጭቆ ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ያያሉ። ሲጨርሱ «በጣም ደፋር ሥራ ነው» ይሉኛል። ምኑን እንደደፈርኩ አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ሙገሳ ስለሆነ ዝም ብዬ እወስደዋለሁ።

ከአምስት ልጆች ጥቁሯ እኔ ነኝ። እናቴ «ጠይም ናት» ትላለች፤ እናቶች ጥቁር ልጆቻቸውን የሚያባብሉበት ቃል ነው። አጎቴ ማባበል አያውቅም። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቤተሰባችን በተነሳበት መንደር ይኖራል። ሩዝ ያመርታል፤ ከብት ያረባል፤ ዋናው ሥራው ግን የሰው ዘር ማወቅ ነው። በፊቱ እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንበትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ቤተሰቡ ለፎቶ ሲሰለፍ፣ ክንዴን ይዞ ከፊተኛው ረድፍ አወጣኝና ለፎቶ አንሺው «ይህችን ከኋላ አድርጋት፣ ፎቶው ይጨልማል» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁንም የሚያናድደኝ የእሱ ንግግር አይደለም፤ የእኔ ሳቅ ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ ቀይ ነበረች። ቤተሰቦቿም ከዚያው መንደር መጥተው ወረታ የገቡ ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተማርን። አብረን ስንሄድ ሰው የሚያየው እሷን ነው። የሱቅ ነጋዴዎቹ ለእሷ ከረሜላ ይሰጣሉ፤ ለእኔ «አንችስ ጓደኛዋ ነሽ?» ይሉኛል። ይህን ያየ ሰው፣ በእኛ አገር ሚዛን እሷ ከላይ እኔ ከታች እንደሆንን ያስባል። ተሳስቷል። በእኛ አገር ሚዛን እኔ ጥቁሯ ጨዋ ነኝ፤ እሷ ቀይዋ «አጥንቷ አይጠራም» የምትባል ናት። የእናቷ አያት በልጅነቷ ተገዝታ የመጣች ናት ይባላል። ሰው ቀኑን ሙሉ መልኳን ሲያደንቅ ይውልና፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ለልጁ «ከእነዚያ ጋር ነገር እንዳታመጣ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህን የሚያህል ብልሃት ለእርሻው ቢያውለው ኖሮ የፎገራ ገበሬ የት በደረሰ!

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነን ከይፋግ የመጣ አንድ ልጅ ጓደኛዬን ወደዳት። ትምህርት ቤት ነው የተዋወቁት። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት እንደ ደንቡ ዘር ለመጠየቅ ወደ መንደራችን ሦስት ሰው ላኩ። ደንቡ ሲነገር ያምራል፤ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው ይባላል። የሚጠየቀው ደግሞ ማን ይሁን? አጎቴ! እኔ የክረምት እረፍት ስለነበር እዚያው ቤት ነበርኩ፤ ለእንግዶቹ ጠላ የምቀዳውም እኔ ነበርኩ።

ሰዎቹ የአባቷን ወገን ጠየቁት። አጎቴ እስከ ሰባት ቤት እንደ ውሃ አፈሰሰው። የእናቷን ወገን ጠየቁት። አጎቴ ጋቢውን አስተካከለ። ሳለ። ጥቂት ቆየና እንደገና ሳለ።

«የእናቷን እንኳ እኔ አላውቅም» አለ።

ከእናቷ ቤተሰብ ጋር አርባ ዓመት አጥር ለአጥር ኖሯል። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን ሳይጨርስ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሌላው «እግዜር ይስጥልን» አለና ተነሱ። ሌላ ቃል አልተነገረም። የአጎቴ ጨዋነት ይህ ነው፤ ያችን ክፉ ቃል በአፉ አይጠራም፤ ይስላል እንጂ። እኔም ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። የወረደውን ብርጭቆ አነሳሁና አጠብኩት።

የይፋጉ ልጅ ከዚያ ወዲያ ወረታ አልታየም፤ በዚያው ዓመት ሌላ አገባ። ጓደኛዬ ትምህርቷን አቋርጣ ሩዝ መፈተጊያ ቤት ገባች። እኔ ማትሪክ አልፌ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሥዕል ተማርኩ፤ ሥዕሉ አልበቃ ሲለኝ ካሜራ ያዝኩ፤ ካሜራው አልበቃ ሲለኝ ራሴን ይዤ ወጣሁ። እሷ ዘንድ ግን አንድም ቀን አልደወልኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የኤግዚቢሽን አዘጋጅ አዲስ አበባ ላይ አገኘችኝ። ብዙ ያነበበች፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት።

«ትውልድ ቦታሽ ላይ አንድ ሥራ እንሥራ» አለችኝ። «ውሃ፣ አፈር፣ ጥቁር ሰውነት። አይታይሽም?»

«እዚያ ያለው ነገር እንደዚህ አይደለም» አልኳት።

«ነው እንጂ! ዓለም ሁሉ ላይ አንድ ነው።»

ዓለም ሁሉ ላይ አንድ ከሆነ ፎገራ ድረስ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኳትም። ሥራ ፈልጌ ነበርና እሺ አልኩ።

መስከረም ላይ ደረስን። ውሃው ከሜዳው ገና ሙሉ በሙሉ አልሸሸም፤ ሩዙ ከጉልበት በላይ ቆሟል። አዘጋጇና ካሜራ ያዡ ከመንገዱ ብዙ ያልራቀ ማሳ መረጡ። እኔ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ከአንገቴ በላይ ጭቃ ተለቅልቄ፣ መሐል ገብቼ ቆምኩ። አልቅት ቅልጥሜ ላይ ተጣበቀ። ላነሳው ስጎነበስ አዘጋጇ ከዳር ሆና ጮኸች።

«አትንኪው! ካሜራው ይየው! ደምሽን እየጠጣ ነው እኮ፤ እንዴት ያለ ምስል ነው!»

እሷ ያለችበት ዳር ደረቅ ነው። ጃንጥላም ይዛለች።

አንድ ገበሬ ከሩቅ አይቶን እየሮጠ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎታል። ማሳው የእሱ ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው ሰዎች? ምን ጠፋባችሁ?»

«ሥነ ጥበብ ነው አባቴ» አለችው አዘጋጇ። «ስለ ጥቁርነት እየሠራን ነው።»

ገበሬው እኔን አየኝ፤ እሷን አያት፤ ካሜራ ያዡን አየው፤ የራሱንም እጅ ገልበጥ አድርጎ አየ።

«ታዲያ ነጩ የታለ?» አላት።

ካሜራ ያዡ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ካሜራው መቆሚያ ጎነበሰ።

«በሉ፣ ጥቁርም ሁኑ ቀይ፣ ከሩዜ ውጡልኝ። ረግጣችሁ ጨረሳችሁት እኮ» አለ ገበሬው። እውነቱን ነው፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ተኝቶ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። እስካሁን በሥራዬ ላይ ከተሰጡ አስተያየቶች ሁሉ ቁም ነገር ያለበት የዚያ ሰው ነው፤ የትኛውም መጽሔት ላይ አልወጣም እንጂ።

እናቴ ቤት ገብቼ ጓሮ ስታጠብ፣ እናቴ ውሃ እያፈሰሰችልኝ «ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ጭቃ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስለ ዘር ነው እማ። ሰው በዘሩ ስለመናቁ።»

«እና ለዚህ ጭቃ ምን ያደርጋል? አጎትሽን አትጠይቂውም?»

እናቴ ቀልዳ አይደለም፤ ከልቧ ነው። እኔ ግን ውሃው ጀርባዬ ላይ እየወረደ የዚያን ክረምት የአጎቴን ሳል ሰማሁት። ሥራው ይህ ነው አልኩ። ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ። እዚያው ወረታ ገበያ ላይ።

ለፈቃድ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ችግር በእኛ ወረዳ የለም» አለኝ።

«እርስዎ ሲያገቡ ዘር አልተጠየቀም?»

«እሱማ ባህል ነው።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «ለማንኛውም እስክስታ ብትጨምሪበት ጥሩ ነበር። ሕዝቡ ይወዳል።»

እስክስታ እንደምጨምር ነግሬው ማኅተም አስመታሁ። በዚህች ውሸት እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

በገበያው ቀን ከሩዝ ተራው አጠገብ ቦታ ያዝን። ጋቢ ተከናንቤ፣ ዱላ ይዤ፣ እንደ ሽማግሌ አንዱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ባዶ ወንበር አለ። ከድምፅ ማጉያው አስቀድሜ የቀረጽኩት የራሴ ድምፅ ይወጣል፤ «የአባትዎ አባት ማን ይባላሉ? እናታቸውስ? የእናታቸው እናትስ? ከየት መጡ? ማን ያውቃቸዋል?» ተቀማጩ መልስ ሲያጣ እኔ እስላለሁ። ልክ እንደ አጎቴ፣ ሁለት ጊዜ፣ መሐሉ ላይ ጥቂት ቆይቼ።

መጀመሪያ ወጣቶች እየተገፋፉ ተቀመጡ። ሦስተኛው ቤት ላይ ይደናቀፋሉ፤ እኔ እስላለሁ፤ ሰው ይስቃል። ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ሱቃቸውን ለሚስታቸው ትተው መጥተው ተቀመጡ። «እኔ እስከ አምስት አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ላንች አይነግርሽም» አሉኝ። ሰው አጨበጨበላቸው። ልስል አልቻልኩም፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አጎቴ መጣ። ሰው ነግሮት ነው። ነጭ ለብሶ፣ በኩራት መጥቶ፣ እኔ መሆኔን አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የአባቱን ወገን እስከ ሰባት፣ ከዚያም እስከ ዘጠኝ ቆጠረ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማው። አዘጋጇ ካሜራ ያዡን «ቅረብ፣ ቅረብ» ትለዋለች።

«የሦስተኛው እናት ማን ይባሉ ነበር?» አልኩት፤ ከቀረጻው ውጪ ነው፤ በራሴ አፍ።

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የአራተኛውስ እናት?»

«ሴት አይቆጠርም» አለ።

«የሌላ ሰው ሲሆን ግን ይቆጠራል አይደል?» አልኩት፤ ከዚያ ሳልኩ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳሉ የማን እንደሆነ የመንደራችን ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ዱላውን ይዞ ተነሳ፤ ሰው እየሰነጠቀ ሄደ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ይህ ነው ብዬ ነበር። ለራሴ የሰጠሁት ክብር በዚያች ደቂቃ ከአጎቴ ይበልጥ ነበር።

ያኔ ጓደኛዬን አየኋት። ሩዝ ተራው ውስጥ፣ ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ የራሷ ቦታ ላይ ቆማለች። ሩዝ ታስፈትጋለች፣ ትሸጣለች። ሻሿና ቅንድቧ የሩዝ ብናኝ ለብሰዋል። ሰፌዷን ለሌላ ሴት ሰጥታ መጣች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለችው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለችኝ።

«እኔ እኮ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«ወረታ ላይ ስም መጥራት ያስፈልጋል? ከጧት ጀምሮ ድምፅሽ በጮኸ ቁጥር ሰው ዞሮ የሚያየው ማንን መሰለሽ? እኔ ሃያ ዓመት ለፍቼ ያስረሳሁትን አንች በአንድ ጧት በማጉያ አስታወስሽው።»

«ላንች ብዬ ነው የሠራሁት» አልኳት። ሳላፍር እንዲህ አልኳት።

«ለእኔ?» ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ለእኔ ከሆነማ የዚያን ቀን ነበር። ጠላ ቀጂዋ አንች አልነበርሽም? ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አልወጣሽም። ዛሬ ጋቢ ለብሰሽ ሰው አሳቅሽ።»

የካሜራው ቀይ መብራት እየበራ እንደሆነ አየሁ። እሷም አየችው፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ሩዟ ተመለሰች። ትርኢቱ በዚህ አበቃ።

አዘጋጇ ግን ቤት እስክንደርስ አልታገሰችም። ባጃጅ ውስጥ እጄን ጨብጣ «ይኼ ነው ሥራው!» አለችኝ። «የአጎትሽ እንኳ አይደለም፤ የእሷ! ገመዱን ስትነቅል! ማንም ሊጽፈው የማይችል ትዕይንት ነው።»

«አይታይም» አልኳት።

«ስሜትሽ ይገባኛል። ፊቷን እናደበዝዛለን።»

«ወረታ ላይ ፊት ማደብዘዝ ምን ያደርጋል? የዛሬውን ሜሞሪ ስጪኝ።»

«ሥነ ጥበብ እኮ ያማል» አለችኝ። እሷን አሟት ሲያውቅ አላየሁም። ካሜራ ያዡ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ምንም ሳይናገር ሜሞሪውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። አዘጋጇ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሄደች፤ ሳትሰናበተኝ።

ሁለት ቀን ቆይቼ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። መፈተጊያ ቤቱ ጓሮ የሩዝ ገለባ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። ሜሞሪውን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና ኪሷ ከተተችው። ተቀመጭ አላለችኝም፤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰፌድ ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። ብዙ ከቆየን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ታናሽ እህቴን የሐሙሲት ልጅ ጠይቋታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎቹ አጎትሽ ዘንድ ይመጣሉ።»

«አሁንም እሱ ዘንድ?»

«ሌላ ማን አለ? እሱ አይደል መዝገቡ!» እጇ ከሩዙ ላይ አልተነሳም። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የምታውቂው መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳይሽ አታውቂውም። ቅድመ አያቴን የገዛት ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰባት ቤት ስትቆጥሪ ትጠሪዋለሽ። የአጎትሽ አያት ነው።»

አጎቴ ያን ስም በስንት ሰርግ ላይ፣ በስንት ለቅሶ ላይ በኩራት ሲጠራው ሰምቻለሁ። ገዢው ጨዋ፣ የተገዛችው ነውረኛ። የሸጠውንም ቢያገኙት ጨዋ ያደርጉት ነበር።

«ትርኢት ማሳየት ከወደድሽ እዚያ አሳይ» አለችኝ። ልመና አልነበረም። ይቅርታም አልነበረም።

ሰዎቹ በመጡበት ቀን ሳልጠራ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ካሜራ የለም፤ ጋቢ የለም፤ ቀሚስና ሹራብ ለብሼ ነበር። አጎቴ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፤ እንግዳ ፊት ግን አላባረረኝም። የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ናቸው። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የአባቷን ወገን ጠየቁ፤ መለሰ። የእናቷን ወገን ጠየቁ።

አጎቴ ጋቢውን አስተካከለና ሳለ።

«ያውቃሉ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «አጎቴ በደንብ ያውቃሉ። የልጅቱ እናት አያት እዚሁ ግቢ ነው ያደጉት። ገዝቶ ያመጣቸው የአጎቴ አያት ነው። እሱን ስንቆጥር ጨዋ እንላለን፤ እሳቸውን ስንቆጥር እንስላለን።»

«ዝም በይ አንች!» አለ አጎቴ።

ቄሱ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙት። አረጋዊ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ሴትየዋ ልጅ የወለዱት ከማን ነበር?» ብለው ጠየቁት፤ እኔን ሳይሆን አጎቴን።

አጎቴ ወለሉን አየ። መሳል እንኳ አቃተው።

ቄሱ ጥቂት ጠበቁ። «እንግዲያማ ዘመዶቻችሁ ናቸው» አሉ። «ለዘመዳችሁ ነው እንዲህ የምትሆኑት?»

ይህን እኔም አልጠበቅኩም። የጓደኛዬ ግንባር፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መልኳ፣ ከእኛው ቤት እንደመጣ እዚያው በር አጠገብ ተቀምጬ ገባኝ። አጎቴ ብድግ ብሎ በሩን አሳየኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደፍ እንዳትረግጭ» አለኝ። ወጣሁ። ሰዎቹም «እንመክርበታለን» ብለው ከኋላዬ ወጡ።

መከሩበትም፣ አልመጡም። ቄሱ ቢከራከሩላትም ሁለቱ ሽማግሌዎች «ነገሩ በአደባባይ ተነግሯል፣ እንዴት ይሆናል» አሉ ተባለ። ሲደበቅ ነውር፤ ሲነገር ደግሞ የባሰ ነውር። ልጁ ግን እንደ ይፋጉ አልሆነም። ከሳምንታት በኋላ ልጅቷን ይዟት ባሕር ዳር ሄደና ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ያመጣችውን ዳቦ ስትቆርስ ለእኔም እንደ ማንኛውም ሰው ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ስደውልላት ታነሳለች። ስለ ዝናብና ስለ ሩዝ ታወራኛለች። ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም።

የጭቃው ቪዲዮ ያለእኔ ፈቃድ ሳይሆን ከነፈቃዴ ታየ፤ ውሉን አስቀድሜ ፈርሜ ነበር። ብዙ ተመሰገነ። አንድ ሰው ስለ ጥቁር ሰውነትና ስለ እናት ምድር ረጅም ነገር ጻፈበት። የተረገጠው ሩዝ አልታየውም።

አጎቴም ከምስክርነት ወረደ። ሰው የተወው ግን ስለሳለ አይደለም፤ የእሱም ቤት ነገር ስለተነካካ ነው። ወረታ አልተቸገረችም፤ ወዲያው ሌላ አገኘች። አዲሱ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የሁሉን ዘር ደብተር ላይ በተራ ጽፎ ይዟል፤ የሴቶቹንም ጭምር ይላሉ። መሻሻል ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ደወለችልኝ። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው።

«ልጅቷ ደህና ልጅ ናት» አለችኝ። «ብቻ ዘመዶች፣ ደብተር ያለውን ሰውዬ እንጠይቅ እያሉ ነው።»

«አንችስ ምን አልሽ እማ?»

«እኔ ምን እላለሁ? መጠየቅ ምን ክፋት አለው?»

ሩዝ የምትለቅመዋን ሴት፣ ባሕር ዳር የፈረምኩትን ፊርማ፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ልነግራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሁሉን ታውቀዋለች። «እንደዚያ ከሆነ እኔም እመጣለሁ» አልኳት።

«አይ፣ አንች እንኳ ብትቀሪ ይሻላል» አለችኝ።